ለጥያቄዎ መልስ፦ ራዲዮ፣ ብርሃንና ራጅ አንድ መሆናቸው እንዴት ታወቀ?

ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ ወደ አንድ ጉዳይ የሚያመሩ ሆነው ስላገኘናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። መጽሐፉ ከራዲዮ ሞገድ እስከ ጋማ ጨረር ያለውን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት እንደሆኑና የሚለያዩት በሞገድ ርዝመታቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። ተማሪዎቼ ግን «አንዱ ይታያል፣ ሌላው አይታይም፤ አንዱ ግድግዳ ያልፋል፣ ሌላው አያልፍም። ታዲያ አንድ መሆናቸውን ማን፣ በምን አወቀ?» ይሉኛል። ከሰንጠረዡ ይልቅ ታሪኩን ልነግራቸው ስለፈለግሁ ብታግዙኝ። (መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ያነሡት ጥያቄ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሊቃውንት ከ1820 እስከ 1888 ድረስ የደከሙበት ጥያቄ ነው። መልሱን ከፍጻሜው ብንነሣ፣ አንድነቱን መጀመሪያ የገለጠው አንድ ቁጥር ነበር፤ ኤሌክትሪክንና መግነጢስን ብቻ በመለካት፣ ብርሃን የሚባል ነገር ወደ ሙከራው ሳይገባ የተገኘ ቁጥር ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ወደዚያ ቁጥር የሚያደርሰው መንገድ ግን ረጅም ነው።

ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ይፋ ካደረገ በኋላ ተመራማሪዎች ሳያቋርጥ የሚፈስ ኤሌክትሪክ አገኙ። በ1820 በኮፐንሀገን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ የኮምፓስ መርፌ ከሰሜን አቅጣጫው ዘወር እንደሚል አስተዋለ፤ ጁላይ 21 ቀንም ግኝቱን በላቲን በተጻፈ አራት ገጽ ጽሑፍ ለአውሮፓ ሊቃውንት አሠራጨ። ያስደነቃቸው መርፌው መንቀሳቀሱ ብቻ አልነበረም። እስከዚያ ጊዜ የሚታወቁት ኃይሎች ወይ ወደ ራሳቸው ይስቡ ወይ ይገፉ ነበር፤ ይህኛው ግን መርፌውን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ ኃይሉ ሽቦውን ዙሪያውን ይከብበዋል ማለት ነው። ይህን ለተማሪዎችዎ ለማሳየት አንድ ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ፣ ጥቂት ሽቦና አንድ ኮምፓስ ይበቃል። ሽቦውን ከመርፌው በላይ በሰሜንና በደቡብ አቅጣጫ ዘርግተው ከባትሪው ጋር ለአፍታ ብቻ ያገናኙት፤ ሽቦውና ባትሪው ቶሎ ስለሚግሉ ብዙ ማቆየት አያስፈልግም። ባትሪውን ገልብጠው ሲያገናኙት መርፌው ወደ ተቃራኒው ወገን ይዞራል።

ወሬው በሴፕቴምበር ፓሪስ ሲደርስ አንድሬ ማሪ አምፔር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጉዳዩን አንድ እርምጃ ወሰደው። ማግኔት ጨርሶ በሌለበት፣ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ የሚያልፍባቸው ሁለት ትይዩ ሽቦዎች እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲያልፍባቸውም እንደሚገፋፉ አሳየ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ማይክል ፋራዴይ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባውም እሱ ይመስለናል። በ1791 ከአንጥረኛ አባት የተወለደው ፋራዴይ መደበኛ ትምህርቱ እጅግ ጥቂት ነበር፤ በለንደን ከአንድ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ እየተማረ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት ያነብ ነበር። በ1813 በሮያል ኢንስቲትዩሽን የኬሚስቱ የሃምፍሪ ዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ኤሌክትሪክ መግነጢስን ከፈጠረ መግነጢስም ኤሌክትሪክን መፍጠር አለበት የሚለው ሐሳብ ለዓመታት አልለቀቀውም።

ኦገስት 29 ቀን 1831 ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ወፍራም የብረት ቀለበት አሠርቶ በአንድ ወገኑ አንድ፣ በሌላው ወገኑ ሌላ የመዳብ ሽቦ በጨርቅና በሲባጎ እየለየ ጠመጠመበት። ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም። አንደኛውን ወደ ባትሪ፣ ሌላውን ደግሞ ራቅ ብሎ በተቀመጠ መርፌ ላይ ወደሚያልፍ ሽቦ አገናኘ። ባትሪው በተገናኘበት ቅጽበት መርፌው ተወዛወዘና ወደ ቦታው ተመልሶ ቆመ። ኤሌክትሪኩ በመጀመሪያው ሽቦ እየፈሰሰ ሳለ መርፌው ምንም አላሳየም። ባትሪው ሲቋረጥ ግን እንደገና፣ በዚህ ጊዜ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ተወዛወዘ። ከእሱ በፊት የሞከሩ ሰዎች ቋሚ ማግኔት ቋሚ ኤሌክትሪክ ይሰጣል ብለው ሲጠብቁ ኖረዋል፤ የፋራዴይ ቀለበት ግን ኤሌክትሪክን የሚያስነሣው የመግነጢስ መለወጥ እንደሆነ ገለጠ። በኦክቶበርም የማግኔት ዘንግ በተጠመጠመ ሽቦ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ኤሌክትሪክ እንደሚነሣ አሳየ። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ ግድብ ድረስ በውኃ ኃይል የሚሽከረከሩት ጄኔሬተሮቻችን የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ፋራዴይ የሂሳብ ትምህርት ስላልነበረው የሚያስበውን በሥዕል ያስብ ነበር። ከማግኔት በላይ በተዘረጋ ወረቀት ላይ የብረት ብናኝ ሲነሰነስ ቅስት እየሠራ የሚሰለፍበትን መስመር የኃይል መስመር ብሎ ጠራው፤ በማግኔቱና በብረቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታም ራሱ አንድ ነገር የሚከናወንበት መስክ እንደሆነ አመነ። በ1845 ደግሞ እርሳስ በበዛበት ከባድ መስታወት ውስጥ የሚያልፍ ብርሃን ኃይለኛ ማግኔት ሲቀርበው የሚርገበገብበት አቅጣጫ እንደሚዞር አገኘ። መግነጢስ ብርሃንን እንደሚነካ በሙከራ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

የፋራዴይን መስመሮች ወደ ሂሳብ የመለሳቸው በ1831 በኤዲንብራ የተወለደው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል ነው። ፋራዴይ የሚለወጥ መግነጢስ የኤሌክትሪክ መስክ እንደሚፈጥር አሳይቶ ነበር። ማክስዌል የጎደለውን ሁለተኛ ወገን ጨመረበት፤ የሚለወጥ የኤሌክትሪክ መስክም በተራው የመግነጢስ መስክ ይፈጥራል አለ። ሁለቱ እንዲህ እየተፈጣጠሩ ከሄዱ ሽቦም ሆነ ማግኔት በሌለበት ሞገድ ሆነው ይጓዛሉ። የዚህ ሞገድ ፍጥነት ስንት ነው? ይህን ለማስላት የሚያስፈልገው መለኪያ ቀደም ብሎ በ1856 በጀርመን ተገኝቶ ነበር። ቪልሄልም ቬበርና ሩዶልፍ ኮልራውሽ አንድን የኤሌክትሪክ ክምችት መጀመሪያ ባለበት በረጋ ሁኔታ፣ ቀጥሎም በሽቦ አልፎ መርፌ እንዲያዞር በማድረግ ለክተው ሁለቱን ውጤቶች አነጻጽረዋል። ማክስዌል ከዚህ ንጽጽር በመነሣት ያገኘው ፍጥነት በሰከንድ 310,740 ኪሎ ሜትር ነው። ኢፖሊት ፊዞ በ1849 በፓሪስ አካባቢ ብርሃንን በሚሽከረከር ባለ ጥርስ መንኮራኩር ውስጥ እያሳለፈ የለካው ፍጥነት ደግሞ ወደ 315,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋ ነበር። ሁለቱም ዛሬ ከምናውቀው 299,792 ኪሎ ሜትር በመጠኑ ይበልጣሉ፤ በመካከላቸው ያለው መቀራረብ ግን በአጋጣሚ የሚመጣ አልነበረም። ማክስዌል ብርሃን ራሱ የኤሌክትሪክና የመግነጢስ ሞገድ ነው የሚለውን ድምዳሜ በ1862 አሳተመ፤ በ1865 በወጣው ታላቅ ጽሑፉም በተሟላ መልኩ አቀረበው። በአንድ ዕቃ ውስጥ ከተጠራቀመ ኤሌክትሪክና ከአንድ መርፌ መዞር የፀሐይ ብርሃን ፍጥነት መገኘቱን ተማሪዎችዎ ቆም ብለው እንዲያስቡበት ቢያደርጉ፣ ከታሪኩ ሁሉ ሊያመልጣቸው የማይገባው ይህ ነው እንላለን።

የቀረው በእጅ የተሠራ ኤሌክትሪክ እንዲህ ያለ ሞገድ እንደሚያወጣ ማሳየት ነበር። ማክስዌል በ1879 በ48 ዓመቱ ስላረፈ ይህን አላየም። ያሳየው በካርልስሩኸ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ያስተምር የነበረው ሃይንሪሽ ኸርትዝ ነው። በመካከላቸው ትንሽ ክፍተት ባላቸው ሁለት የብረት ዘንጎች መካከል ብልጭታ እያስነሣ፣ ራቅ ብሎ ጫፍና ጫፉ ሊገናኝ ጥቂት የቀረው የሽቦ ቀለበት ይዞ ይቆም ነበር። በቀለበቱ ክፍተት ላይ፣ ምንም ሽቦ ሳያገናኘው፣ በጨለማ ካልሆነ የማትታይ ደቃቃ ብልጭታ ትታያለች። በግድግዳው ላይ የዚንክ ቆርቆሮ ሰቅሎ ቀለበቱን ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሰው ብልጭታዋ በተወሰነ ርቀት እየበረታች እየደከመች ስለሄደች የሞገዱን ርዝመት ለካ።

በ1888 ደግሞ ሞገዱ እንደ ብርሃን ይሆን እንደሆነ አንድ በአንድ ፈተነው። ከዚንክ የተሠሩ ትልልቅ ጎባጣ መስተዋቶች ሞገዱን አሰባስበው መለሱት። ከአምስት ኩንታል በላይ በሚመዝን የቅጥራን ፕሪዝም ውስጥ ሲያልፍ፣ ብርሃን በመስታወት ፕሪዝም እንደሚሆነው ሁሉ፣ መንገዱን አጎበጠ። ትይዩ ሽቦዎች የተወጠሩበት ፍሬም ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ሲያዝ ሞገዱን ያሳልፋል፣ ሩብ ዙር ሲዞር ይከለክላል። ኸርትዝ በ1894 መጀመሪያ በ36 ዓመቱ ባይሞት ኖሮ ከዚያ በኋላ የመጣውን የራዲዮ ዘመን ያይ ነበር። ለተማሪዎችዎ «በምን ታወቀ?» ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይህ ነው፦ ፍጥነታቸው አንድ ነው፤ መስተዋት፣ ፕሪዝምና የሽቦ ፍሬም ሲገጥማቸውም የሚሆኑት አንድ ዓይነት ነው።

ጥያቄ፦ ኢንፍራሬድ በ1800 ተገኘ ተብሎ ተምረናል። ኧርስቴድ ግን ሙከራውን ያደረገው በ1820 ነው። ኤሌክትሮማግኔቲዝም ሳይታወቅ የስፔክትረሙ (ከራዲዮ ሞገድ እስከ ጋማ ጨረር ያለው ሰንጠረዥ) ክፍል እንዴት ሊገኝ ቻለ? (የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ክፍሎቹን ያገኟቸው ሰዎች የአንድ ነገር ክፍሎች እያገኙ እንደሆነ አላወቁም ነበር። ዊልያም ሔርሼል በእንግሊዝ አገር በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ዘርዝሮ የእያንዳንዱን ቀለም ሙቀት በቴርሞሜትር ሲለካ፣ ሙቀቱ ከሐምራዊ ወደ ቀይ እየጨመረ ሄዶ ምንም ቀለም በማይታይበት ከቀዩ ማዶ ባለው ቦታ እንዲያውም በረታ። ሔርሼል ራሱ ግን ምርምሩን ሲያጠናቅቅ የማይታየው ሙቀትና ብርሃኑ የተለያዩ ነገሮች ናቸው ወደሚለው አዘነበለ። በማግሥቱ ዓመት በጀርመን ከተማ በየና ዮሐን ቪልሄልም ሪተር በሌላኛው ጫፍ ፈለገ፤ ብርሃን ሲነካው የሚጠቁረው ሲልቨር ክሎራይድ ከሐምራዊው ማዶ ባለው ቦታ ይበልጥ ፈጥኖ ስለጠቆረ ዛሬ አልትራቫዮሌት የምንለው ታወቀ።

ቪልሄልም ሮንትገን ኖቬምበር 8 ቀን 1895 በቩርትስቡርግ ራጅን ሲያገኝም ምንነቱን አላወቀውም። ሞገድ ነው ወይስ የቅንጣቶች ጎርፍ የሚለው ክርክር የዘለቀው እስከ 1912 ነው፤ በዚያ ዓመት በሙኒክ በማክስ ፎን ላውዌ ሐሳብ መሠረት ራጅ በክሪስታል ውስጥ እንዲያልፍ ሲደረግ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ የተሰለፉ ነጠብጣቦች ታዩ፤ እንዲህ ያለ ቅርጽ የሚሠራው ሞገድ ነው። በ1900 ፖል ቪያር በፓሪስ ያገኘው ጋማ ጨረርም በተመሳሳይ ዘዴ በ1914 ራዘርፎርድና አንድራዴ የሞገድ ርዝመቱን ለኩት።

በኢንፍራሬድና በራዲዮ ሞገድ መካከል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያልተሞላ ክፍተት ነበር። በካልካታ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦዝ ከ1895 ጀምሮ የጥቂት ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሞገዶች በማውጣት ክፍተቱን ከአንድ ወገን አጠበበው። በሞስኮ አሌክሳንድራ ግላጎሌቫ አርካዲየቫ የብረታ ብረት ብናኝን ከዘይት ጋር ለውሳ ብልጭታ እያስነሣችበት፣ በአሜሪካም ኧርነስት ኒኮልስና ጄምስ ቲር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱን ወገኖች አገናኟቸው። መጽሐፍህ ላይ ያለው ሰንጠረዥ ያለ ክፍተት የተያያዘው ከሔርሼል ቴርሞሜትር ከ120 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ኢንፍራሬድን ራስህ ለማየት ከፈለግህ የቴሌቪዥን ሪሞት ጫፍን ወደ ሞባይል ካሜራ አዙረህ ቁልፉን ተጫን። በዓይንህ የማይታየው ብርሃን በስክሪኑ ላይ ነጣ ብሎ ብልጭ ድርግም ሲል ታየዋለህ። አንዳንድ ስልኮች በኋለኛው ካሜራ ላይ ኢንፍራሬድን የሚከለክል ማጣሪያ ስላላቸው በፊተኛው ሞክር።

ጥያቄ፦ በጎረቤታችን ሕንፃ ጣሪያ ላይ የሞባይል አንቴና ተተክሏል። ልጄ የሞባይል ሞገድና ራጅ አንድ ዘር ናቸው ብሎ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ደነገጥሁ። ቀንና ሌሊት ራጅ እንደምንነሣ ልቁጠረው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጅዎ የተናገረው ትክክል ነው፤ ሥጋትዎ ግን ከዚያ አይከተልም። ከማክስ ፕላንክ የ1900 እና ከአልበርት አይንስታይን የ1905 ሥራዎች ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ እነዚህ ሞገዶች ኃይላቸውን የሚሰጡት ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን መጠኖች ከፋፍለው ነው፤ የእያንዳንዱ ፎቶን ኃይልም ከሞገዱ ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ ከሚርገበገብበት ብዛት፣ ጋር አብሮ ያድጋል። በ900 ሜጋኸርትዝ ከሚሠራ የሞባይል ሞገድ ፎቶን ይልቅ የአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን ከ600,000 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ የሕክምና ራጅ ፎቶን ደግሞ በቢሊዮኖች እጥፍ ይበልጠዋል። ኤሌክትሮንን ከአተም ነጥቆ የሰውነትን የዘር ሰንሰለት በቀጥታ ሊጎዳ የሚችለው ከኃይለኛው አልትራቫዮሌት ወዲያ ያለው ነው። የሞባይል ሞገድ ቢበዛ ይህን ማድረግ አይችልም፤ የሚችለው ማሞቅ ነው።

የማሞቁን ነገር በማይክሮዌቭ ምድጃ ማየት ይቻላል። ምድጃው የሚሠራበት ሞገድ ርዝመቱ 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ በመስታወት በሩ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ብረት ብርሃኑን እያሳለፈ ሞገዱን የሚያስቀረው ቀዳዳዎቹ ለዚያ ርዝመት እጅግ ጠባብ ስለሆኑ ነው። ምድጃው በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ብዙ መቶ ዋት ስለሚያፈስ ምግብ ያበስላል፤ ከአንቴና የሚወጣው ግን በርቀቱ ሁለተኛ ኃይል ልክ እየሳሳ ስለሚሄድ እጥፍ ሲርቁ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰውነትዎ በአብዛኛው የበለጠ ሞገድ የሚቀበለው ከጣሪያው ሳይሆን ጆሮዎ ላይ ከያዙት ስልክ ነው።

ያልተዘጋ ጥያቄ መኖሩንም ልንሰውርዎ አይገባም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2011 የራዲዮ ሞገድን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችሉ ይሆናል ተብለው ከተመደቡት ወገን መድቦታል፤ ማስረጃው ውስን እንደሆነ በመግለጽ። ጥንቃቄ ማድረግ ከፈለጉ ረጅም ወሬ ሲያወሩ የጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ። ራጅ ሲነሡ ግን ጥንቃቄው የግድ ነው፤ እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ አስቀድመው ለባለሙያው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመታት ከውጭ አገር የሚተላለፉ የአማርኛ ፕሮግራሞችን በአጭር ሞገድ ስከታተል ኖሬያለሁ። አቅራቢዎቹ «በ25 እና በ31 ሜትር ባንድ» የሚሉት ምንድን ነው? ለምንስ ሲመሽ ሩቅ ጣቢያ ይገባል፣ ኤፍ ኤም ግን ከከተማ ወጣ ሲሉ ይጠፋል? (ጡረተኛ፣ ከደሴ)

መልስ፦ አባታችን፣ ሜትሩ የሞገዱ ርዝመት ነው። በ9,600 ኪሎ ኸርትዝ የሚተላለፍ ሞገድ በሰከንድ 9,600,000 ጊዜ ይርገበገባል፤ የብርሃንን ፍጥነት ለዚህ ቢያካፍሉት 31 ሜትር ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ይመጣል።

ማርኮኒ በዲሴምበር 1901 ከእንግሊዝ የላከውን ምልክት በአትላንቲክ ማዶ በኒውፋውንድላንድ መቀበሉን ሲያስታውቅ፣ በቀጥታ የሚጓዝ ሞገድ የምድርን ጉብታ እንዴት ሊያልፍ ቻለ የሚለው ሊቃውንቱን አስጨነቃቸው። በ1902 ኬኔሊና ሄቪሳይድ በየፊናቸው ከላይ ሞገድ የሚመልስ ንብርብር መኖር አለበት አሉ፤ ኤድዋርድ አፕልተንም በ1924 መኖሩን በሙከራ አረጋገጠ። ይህ አዮኖስፌር የሚባለው የአየር ክፍል ነው፤ የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ራጅ አተሞቹን ስለሚከፍላቸው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቀን ላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው የታችኛው ንብርብር መካከለኛ ሞገድን ውጦ ያስቀራል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንብርብር ስለሚሳሳ ሞገዱ ወደ ላይኛው ንብርብር ደርሶ ይመለሳል፤ ሩቅ ጣቢያ ሲመሽ የሚገባልዎ ለዚህ ነው። የላይኛው ንብርብርም ሌሊት ስለሚዳከም እጅግ አጫጭሮቹን የአጭር ሞገድ ባንዶች መመለስ ያቅተዋል፤ ጣቢያዎች እንደ ሰዓቱ ባንድ የሚቀያይሩትና በአንድ ጊዜ ብዙ ባንድ የሚጠሩት ስለዚህ ነው።

ኤፍ ኤም 97.1 ላይ ያለው ሞገድ ርዝመቱ ሦስት ሜትር ያህል ነው። አዮኖስፌር እንዲህ ያለውን ስለማይመልሰው ወደ ጠፈር ያልፋል፤ ወደ እርስዎ የሚደርሰው በቀጥታ መስመር የሚመጣው ብቻ ነው፤ ተራራ ከጋረደውም ይቀራል። በመካከለኛ ሞገድ ሩቅ ጣቢያ ሲፈልጉ ደግሞ ራዲዮው ውስጥ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር ዘንግ አንቴና ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ራዲዮውን ቀስ ብለው እያዞሩ ድምፁ የሚጠራበትን አቅጣጫ ይፈልጉ። ለአጭር ሞገድ ግን የሚያገለግለው የሚመዘዘው አንቴና ስለሆነ እስከ መጨረሻው ይምዘዙት፤ ከመስኮት አጠገብ ማስቀመጥም ይረዳል።